ነፋስ ያስቸገረው ማረፊያ፦ የሴንት ሄለና ደሴት ኤርፖርት

ዛሬ ሩቅ ነው የምንሄደው፤ ወደ ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ። ካርታ አጠገባችሁ ያለ እንደሆነ አፍሪካን አውጡና አንጎላና ናሚቢያ የሚዋሰኑበትን የባሕር ዳርቻ ፈልጉ። ጣታችሁን እዚያ ላይ አሳርፉና ወደ ምዕራብ በውኃው ላይ ሳቡት። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አንዲት ነጥብ ታገኛላችሁ። ሴንት ሄለና ናት።

ስሟ መስቀልን ስናከብር ከምናነሣት ከንግሥት እሌኒ የተወሰደ ነው። ፖርቱጋሎች በ1502 ሲደርሱባት ሰው አልነበረባትም። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ደሴቲቱ አሁን የብሪታንያ ግዛት ናት፤ ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧ 4,500 ግድም ነው። ከታሪክ ትምህርት የምታስታውሷት ካላችሁ በናፖሊዮን ይሆናል፤ እንግሊዞች ከ1815 ጀምሮ በ1821 እስኪሞት ድረስ በግዞት ያስቀመጡት እዚያ ነው። የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉም በ1890 ወደዚያው ተግዞ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቷል። ደሴቲቱ ለግዞት የተመረጠችው በርቀቷ ነው። ያው ርቀት እስረኛ ያልሆኑትን ነዋሪዎቿንም ለዘመናት ይዟቸው ኖረ።

የዛሬው ርእሳችን የዚች ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የብሪታንያ ጋዜጦች በአንድ ወቅት በዓለም ላይ እጅግ የማይረባ ኤርፖርት ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ በዝርዝር እናየዋለን፣ ብዙ ትምህርትም አለበት። ፍርዱ ግን ልክ ነው ብዬ አላምንም። ለ4,500 ሰዎች የተሠራን ማረፊያ ለሚሊዮኖች በተሠራ ማረፊያ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው፤ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በፊት እንዴት ይኖሩ ነበር? የደሴቲቱ መግቢያም መውጫም ባሕር ብቻ ነበር። አር ኤም ኤስ ሴንት ሄለና የምትባል የፖስታ መርከብ ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ተነሥታ አምስት ቀን ያህል ተጉዛ ትደርስ ነበር። የምትመጣው በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ነው። ሰውም፣ ደብዳቤም፣ ዱቄትም፣ መድኃኒትም፣ የመኪና መለዋወጫም የምታመጣው እሷ ናት። መርከቧ ከተበላሸች ሱቁ ይራቆታል፤ ሊሄድ የተዘጋጀው መንገደኛም ሻንጣውን እንደ ያዘ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው የበሽተኛው ነገር ነበር። በዋና ከተማዋ በጄምስታውን ሆስፒታል አለ፤ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕመም ሲመጣ ያለው አማራጭ መርከብ ነው። መርከቧ ትናንት ሄዳ ከሆነ፣ ዛሬ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሳምንታት መጠበቅ አለበት። መርከቧ በወደቡ ቆማ ብትገኝም እንኳ ከፊቱ የአምስት ቀን የባሕር መንገድ አለ።

ሌላም አለ። በደሴቲቱ ላይ ደመወዙ አነስተኛ፣ ሥራውም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጎልማሶች ወደ አሴንሽን ደሴት፣ ወደ ፎክላንድና ወደ እንግሊዝ ለሥራ ይሰደዳሉ። ልጅ በአያት እጅ ያድጋል። እናት ብትሞት፣ ባሕር ማዶ ያለው ልጇ ለቀብሯ ሊደርስ አይችልም ነበር። በአረብ አገርም ሆነ በሌላ ስደት ላይ ሆናችሁ መርዶ የሰማችሁ አድማጮቻችን ይህን እኔ ከምነግራችሁ በላይ ታውቁታላችሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ የመሥራት ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል ፕሮስፐረስ ቤይ የሚባለውን ሜዳ አይተው ይቻላል፣ ነገር ግን አያዋጣም ብለው ተመልሰዋል። ደሴቲቱ ከባሕር ወለል የተነሣች የእሳተ ገሞራ ተራራ ናት፤ ዙሪያዋ ገደል፣ ውስጧ ሸለቆና ጉብታ ነው። ለማረፊያ የሚሆን ለጥ ያለ መሬት ማለት ያ ሜዳ ነው፤ እሱም ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው።

የብሪታንያ መንግሥት እንደሚሠራው ያስታወቀው በ2005 ሲሆን፣ ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ ባሲል ሪድ ከተባለው የደቡብ አፍሪካ ተቋራጭ ጋር ውል የተፈረመው በኅዳር ወር 2011 ነበር። ለጠቅላላው ሥራ የተመደበው ገንዘብ 285.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ለነዋሪው ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሰው ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል። ገንዘቡ የብሪታንያ ግብር ከፋዮች ነውና እነሱ መጠየቃቸው አያስገርምም።

ሥራው ከባዶ ነበር የተጀመረው። በደሴቲቱ ላይ ከባድ መኪና የሚወርድበት ወደብ እንኳ አልነበረም፤ መርከቦች ራቅ ብለው ቆመው በጀልባ ነበር የሚራገፉት። በ2012 ኤንፒ ግሎሪ 4 የተባለች መርከብ ሩፐርት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ተጠግታ ዶዘሩንና ገልባጩን መኪና አወረደች። ከዚያ እስከ ሜዳው ድረስ በተራራ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ 14 ኪሎ ሜትር መንገድ ተቆረጠ። ሜዳው ለማኮብኮቢያው ርዝመት አልበቃ ስላለ፣ በስተደቡብ ያለውን ድራይ ገት የሚባል መቶ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሸለቆ መሙላት ግድ ሆነ። ወደ 8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ አለትና አፈር ነው የገባበት። በዚያ ላይ 1,950 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት ማኮብኮቢያ ተዘረጋ።

ስለ መንገዱ ከተነሣ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። መንገዱ በሚነሣበት በሩፐርት ሸለቆ በ2008 አርኪዮሎጂስቶች ቀድመው ሲቆፍሩ የ325 ሰዎች አጽም ወጣ። እነማን ናቸው? ከ1840 እስከ 1872 ባለው ጊዜ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ባሪያ ጭነው ወደ አሜሪካ አህጉር የሚሄዱ መርከቦችን እየያዘ ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ አፍሪካውያንን ወደ ሴንት ሄለና አምጥቶ ነበር። ነጻ ወጡ ተባለ፤ ነገር ግን በመርከቡ ሆድ ውስጥ ረኃብና በሽታ ጨርሷቸው ስለነበር 8,000 ያህሉ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ተቀበሩ። ከተገኙት መካከል ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። አጽማቸው በመጋዘን ሲጠብቅ ኖሮ እንደገና በክብር የተቀበረው በ2022 ነው። አሥራ አራት ዓመት! ማረፊያው ተሠርቶ፣ ተመርምሮ፣ በረራ ጀምሮ፣ እነዚህ ሰዎች ግን አፈር አልቀመሱም ነበር። ለአፍሪካውያን ሙታን የሚገባው ክብር ከኮንክሪቱ በፊት መምጣት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ።

መጀመሪያ አንድ መሠረታዊ ነገር እንወቅ። አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው በክንፉ ላይ በሚያልፈው አየር ነው። ለክንፉ ቁም ነገሩ ከአየሩ አንጻር ያለው ፍጥነት እንጂ ከመሬት አንጻር ያለው አይደለም። በቁጥር እንየው። ለማረፍ የሚወርድ አንድ አውሮፕላን ክንፉ የሚፈልገው ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከፊቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢኖር፣ አውሮፕላኑ መሬቱን በ200 ኪሎ ሜትር ብቻ እየቀረበ ክንፉ 240ውን ያገኛል። መሬት ሲነካ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ በአጭር ርቀት ይቆማል። አብራሪዎች ወደ ነፋሱ ፊታቸውን ሰጥተው ማረፍ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ያ የፊት ነፋስ ታዲያ በሁለትና ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ድንገት ቢጠፋስ? ክንፉ ሲያገኘው የነበረው 240 ወደ 200 ያሽቆለቁላል። ከባድ አውሮፕላን የጎደለውን ፍጥነት በቅጽበት ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህ ይሰምጣል። ከፍ ብሎ የሚበር ቢሆን ትንሽ ዝቅ ብሎ ያገግም ነበር፤ ከመሬት መቶ ሜትር ላይ ግን ዝቅ ማለቱ ራሱ አደጋ ነው። ይህን የነፋስ አቅጣጫ ወይም ፍጥነት ድንገተኛ መለዋወጥ የሙያው ሰዎች ዊንድ ሺር ይሉታል።

ሴንት ሄለና ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ የማያቋርጥ ነፋስ አላት። በጥንት ዘመን የሸራ መርከቦች የሚጠቀሙበት ነፋስ ነው። በውቅያኖሱ ላይ ለስላሳ ሆኖ ይመጣና ከደሴቲቱ ገደል ጋር ይጋጫል። ወንዝ ትልቅ ቋጥኝ ሲያገኝ ከላዩ ተንዶ ከበስተኋላው እየተሽከረከረ እንደሚዞረው ሁሉ፣ ይህም ነፋስ በገደሉ ጫፍና በአካባቢው ባሉት የአለት ጉብታዎች ላይ ተረማምዶ ከወዲያ ይሽከረከራል። የማኮብኮቢያው ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ደግሞ በዚያው መታወክ ውስጥ ነው። ከሰሜን በኩል የሚመጣ አውሮፕላን የሚፈለገውን የፊት ነፋስ ያገኛል፤ ግን ሊያርፍ ሲል፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ነፋሱ ይገለባበጥበታል።

በሚያዝያ 2016 አንድ ቦይንግ 737-800 መንገዱን ለመፈተሽ ከጆሃንስበርግ መጣ። በመጀመሪያው ሙከራ ማረፍ ሳይሆንለት ሽቅብ ተመልሶ ወጣና ዞሮ በኋላ አረፈ። አብራሪዎቹ ያዩትን ተናገሩ። በግንቦት ወር ሊደረግ የታሰበው የምረቃ በዓል ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ማለቂያ የሕዝብ ገንዘብ አወጣጥን የሚመረምረው የብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ፣ ይህ ነፋስ አስቀድሞ እንዴት በሚገባ አልታሰበበትም ብሎ ኃላፊዎቹን አጥብቆ ወቀሰ። ጋዜጦቹ ያንን ስም ያወጡት ያን ጊዜ ነው።

የሚቆጨኝ ነገር፣ ነፋሱ ምስጢር አለመሆኑ ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1836 በቢግል መርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ሴንት ሄለና ላይ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነበር። በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ያየውን ጽፏል። 300 ሜትር በሚያህል ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የባሕር ወፎች ከብርቱ ነፋስ ጋር ሲታገሉ ያያል፤ እሱ በቆመበት ግን ቅጠል የሚያንቀሳቅስ አየር የለም። ወደ ጫፉ ተጠግቶ እጁን ሲዘረጋ የነፋሱ ሙሉ ኃይል እጁን መታው። ጸጥ ባለው አየርና በማዕበሉ መካከል የነበረው ርቀት ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ሰውየው አውሮፕላን አያውቅም፤ ዊንድ ሺርን ግን በክንዱ ለካው። የመሐንዲሶቹን ድካም አሳንሼ አላይም፤ ጥናቶችም ተደርገው ነበር። ነገር ግን ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ለዓመታት የነፋስ መለኪያ ማቆም፣ ትክክለኛውን ዓይነት አውሮፕላን አምጥቶ በቦታው ላይ መሞከርና በዚያ ገደል ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ በግ ሲጠብቁ የኖሩትን ሰዎች ቁጭ ብሎ መጠየቅ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የማይባል ነበር።

መፍትሔው ተራራ መቁረጥ አልነበረም። ማኮብኮቢያ ሁለት ጫፍ አለው። በደቡቡ ጫፍ በኩል ሲመጡ ያ መሽከርከር የለም፤ ችግሩ ነፋሱ ከኋላ መሆኑ ነው። ቅድም የቆጠርነውን ቁጥር አስታውሱ፦ ክንፉ 240 ይፈልጋል፣ ነፋሱ 40 ከኋላ ይገፋል፤ እንግዲህ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው ማለት ነው። ለመቆም ብዙ ርቀት ያስፈልገዋል። ለትልቅና ለከባድ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ያጥርበታል። ቀለል ላለና ጥሩ ፍሬን ላለው ግን ይበቃል። በ2016 መጨረሻ የብራዚል ሥራ የሆነው ኢምብራየር 190 አትላንቲክን አቋርጦ መጥቶ በሁለቱም አቅጣጫ እየተነሣና እያረፈ ሞከረው። ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ።

ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ ነዳጅ። እኛ ዘንድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደር የሚሄድ አውሮፕላን እዚያ ማረፍ ቢያቅተው ባሕር ዳር ቅርብ ነው። ለሴንት ሄለና ቅርብ የሚባለው የአሴንሽን ደሴት ማረፊያ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የእሱም ማኮብኮቢያ በ2017 በመጎዳቱ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ አውሮፕላን ሄዶ፣ ሞክሮ፣ ካልቻለ እስከ አፍሪካ የሚመልሰውን ነዳጅ ይዞ መነሣት አለበት። ነዳጅ ክብደት ነው። ክብደት ሲጨምር ሰው ይቀነሳል። 99 ሰው ሊይዝ የሚችለው ኢምብራየር 76 መንገደኛ ብቻ እንዲጭን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመንገዱም ላይ ናሚቢያ አርፎ ታንኩን ይሞላል።

የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ኤስ ኤ ኤርሊንክ በተባለ አየር መንገድ ከጆሃንስበርግ በናሚቢያዋ ዊንድሁክ በኩል ተደረገ። የአምስት ቀኑ የባሕር መንገድ ወደ ስድስት ሰዓት ወረደ። መርከቧም በየካቲት 2018 ለመጨረሻ ጊዜ ከደሴቲቱ ተነሥታ ሄደች፤ ብዙዎች በወደቡ ቆመው አልቅሰው ሸኟት፤ ስንት ዘመን ያገለገለች ናትና።

ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት አንድ በረራ፣ በየበረራው 76 ወንበር፤ በዓመት 4,000 እንኳ አይሞላም። ዕቅዱ ሲወጣ ደግሞ ውሎ አድሮ በዓመት ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ቱሪስት ይመጣል፣ ደሴቲቱም ከብሪታንያ ድጎማ ትላቀቃለች ተብሎ ነበር። ያ አልሆነም። በዚህ በኩል የተቺዎቹ ቁጥር ትክክል ነው። ችግሩ ትርፉ የተቆጠረው በቱሪስት ብቻ መሆኑ ነው።

መደበኛው በረራ ሳይጀመር፣ ጋዜጦቹ የማይረባ ባሉት በዚያው በ2016፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች በዚያ ኮንክሪት ላይ እያረፉ በጽኑ የታመሙ ሰዎችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሆስፒታል ወስደዋል። ትንሽ አውሮፕላን የነፋሱን ጸጥታ ጠብቆ ይገባል፤ ማኮብኮቢያው ለእሱ ሰፊ ነው። በ2017 መርከቧ ተበላሽታ መንገደኛው ሲጉላላ፣ በኪራይ የመጣ አውሮፕላን ሰዉን አወጣ። በ2020 ኮሮና ዓለምን ሲዘጋና የሳምንቱ በረራ ሲቋረጥ፣ ከብሪታንያ የተነሣ አውሮፕላን በጋና አክራ በኩል አልፎ የሕክምና ዕቃና የጤና ባለሙያ አደረሰ። እነዚህን በየትኛው የትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ ታሰፍሯቸዋላችሁ? ድሮ በአገራችን ዳኮታ አውሮፕላን በሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ክረምት መንገድ የሚቆርጥባቸውን ከተሞች ያገናኝ በነበረ ጊዜ፣ የአንዱን ሜዳ ጥቅም በወንበር ቁጥር ብቻ የለካ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ቦታ ሳይከፈት በቀረ ነበር።

እንዲህ ያለ ማረፊያ ሁልጊዜ ድጎማ ይፈልጋል። አውሮፕላን በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣም እሳት አጥፊው፣ የአየር ትንበያ ባለሙያው፣ በመቆጣጠሪያ ማማው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥልጠናውን እየጠበቀ መገኘት አለበት። ባሕር ላይ የሚወድቅ ቢኖር የሚያወጣ የነፍስ አድን ጀልባም ያስፈልጋል። ነፋሱ ዛሬም አንዳንድ ቀን በረራ ያስቀራል፤ ጭጋግም እንደዚሁ። ሰዉ ይህን ለምዶታል።

ለማነጻጸር ካርታውን አንዴ ልመልሳችሁ። ከሴንት ሄለና ወደ ደቡብ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ በዚያው አስተዳደር ሥር ያለችውን ትሪስታን ዳ ኩኛ ታገኛላችሁ። ነዋሪዋ 250 እንኳ አይሞላም። ለማኮብኮቢያ የሚሆን ሜዳ የላትምና አንድም አውሮፕላን አያርፍባትም። ከኬፕ ታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ መርከብ የሚመጣውም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ደሴት ላይ ዛሬ ከሐኪሙ አቅም በላይ የታመመ ሰው ቢኖር፣ በአካባቢው የሚያልፍ መርከብ እንዳለ በሬዲዮ ይጠየቃል፤ ከተገኘም የባሕሩ ማዕበል እስኪበርድ ተጠብቆ በጀልባ ይወሰዳል።